የዓሣዎቹ ውኃ በአትጠገብ ጣሪያ

አትጠገብ ጣሪያዋ ማንጠባጠብ ሲጀምር መጀመሪያ የጠረጠረችው ዝናቡን ነበር። ወጥታ ሰማዩን ብታይ በዲላ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። ተመልሳ ስትገባ ውኃው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሙሽራ ቀሚስ ላይ እየወረደ ነበር። የጣሪያውን ሳንቃ እድፍ ይዞ ስለወረደ ነጩ ሳቲን ከደረቱ እስከ ወገቡ የሻይ ቀለም ያዘ።

ልብስ ሰፊ ናት። ወታደር ባሏ ከሞተ ወዲህ በአቶ ደመላሽ ፎቅ ሥር አንድ ክፍል ተከራይታ በእግር በሚረገጥ መኪናዋ ትተዳደራለች። አቶ ደመላሽ ከዲላ አጠገብ ጪጩ ላይ የቡና ማጠቢያ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ፎቃቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር፣ ሰው ተጋድሞ ሊተኛበት የሚችል የመስታወት ሣጥን አለ። ውስጡ ከአዲስ አበባ የመጡ ቀያይ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ጓሮ ማማ ላይ ከተቀመጠው በርሜል የተሳበ ቧንቧ ሣጥኑን ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይሞላዋል፤ የተረፈው ደግሞ በሌላ ቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ይፈሳል። የሰፈሩ ሴቶች እንስራ ደርድረው ቦኖ ላይ ሲጋፉ ይውላሉ፤ ለዓሣዎቹ ግን ውኃ እቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። አትጠገብ ይህን ስታስብ ድሮም ደሟ ይፈላ ነበር።

ቀሚሱን በክንዷ ላይ አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች። በር የከፈተችላት የአቶ ደመላሽ ሚስት ቆንጅት ነበረች።

«እትዬ ቆንጅት፣ ዓሣዎቻችሁ ልብሴን አበላሹብኝ።»

ቆንጅት ቀሚሱን በሩቁ አየችው። «ሌላ ቦታ አትሰቅይውም ነበር?»

«ክፍሌ አንድ ናት። የት ልስቀለው?»

አቶ ደመላሽ ከሶፋው ሳይነሡ ድምፅ አሰሙ፤ «ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ዓሣ ያለ ውኃ ይኖራል እንዴ?»

«ሰውስ ውኃ ሥር ይኖራል እንዴ?» አለች አትጠገብ።

አቶ ደመላሽ ሳቁ። ደስ የሚል ቀልድ የነገረቻቸው ይመስል ነበር የሳቁት። «ካልተስማማሽ ቤት ሞልቷል፤» ብለው ፊታቸውን ወደ ዓሣዎቹ መለሱ።

ከሁሉ የከበዳት ግን የሙሽራይቱ አባት መምጣት ነው። አቶ ይርጉ ከጨለለቅቱ ከተማ የመጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቢቆጡ፣ ቢጮሁ ትመልስ ነበር። እርሳቸው ግን የቆሸሸውን ሳቲን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ በሚጎተት አማርኛቸው «ሠርጉ ደርሷል እኮ እኅቴ፤ እንዴት ይሻላል?» ብቻ አሉ። አትጠገብ አቀርቅራ «እኔ አለሁ፤ ልጅዎ ያለ ቀሚስ አትዳርም፤» አለቻቸው። ባላጠፋችው ጥፋት አንገቷን መድፋቷ እስከ ማታ ሲያንገበግባት ዋለ።

አዲስ ሳቲን ገዝታ እንደገና ቆረጠች፤ እንደገና ሰፋች። ጠብታው በዚህ መሐል አልተወም። ሳፋ ደቀነችለት፤ ቦታ ቀየረ። መኪናዋን ወደ በሩ ገፋች፤ ተከትሏት መጣ። ወደ ፎቅ በላከችው መልእክት ሁሉ የሚመለስላት «እሺ፣ ይታያል» የሚል ነበር። ማንም መጥቶ አላየም።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል አንድ እሑድ ቀትር ላይ ፎቁ በጥብስ ሽታና በሳቅ ተሞላ። ተክለማርያም የሚባሉ ቡና ላኪ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ አቶ ደመላሽ ዓሣዎቻቸውን እያሳዩ ምሳ ሊጋብዟቸው ነው። አትጠገብ የአዲሱን ቀሚስ ጠርዝ በእጇ እየሰፋች ሳለች ውኃው ጀመረ። ያን ቀንስ ጠብታ አልነበረም፤ በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ሁሉ ይወርድ ነበር። ቀሚሱን ደረቷ ላይ አቅፋ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ደበደበች። ከላይ ሳቁ ጋብ አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው በተረከዙ ወለሉን ኳ፣ ኳ አድርጎ መለሰላትና ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«እንዲህ ነው?» አለች አትጠገብ ለብቻዋ።

ቀሚሱን በአንሶላ ጠቅልላ አልጋ ሥር ወሸቀች፤ በጓሮ ዞራ ማማው ሥር ቆመችና የበርሜሉን መዝጊያ እጇ እስኪቀላ ድረስ አዙራ ዘጋችው። ስትመለስ ፍሳሹ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

የማታውቀው ነገር ቢኖር ሣጥኑን የሚሞላው ቧንቧ ጫፉ በዓሣዎቹ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ መሆኑን ነው። የቤት ሠራተኛዋ ለእንግዳው እጅ ማስታጠቢያ ልትቀዳ ከዚያው ቧንቧ የሚቀጠለውን የግቢውን ሩቢኔት ስትከፍት፣ ከበርሜሉ የሚመጣ ውኃ ስለሌለ ቧንቧው የሣጥኑን ውኃ ወደ ኋላ ስቦ ያወርደው ጀመር። ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ፣ ሩቢኔቱን ለባልዲው ክፍት ትታው ወደ ፎቅ ወጣች። አቶ ተክለማርያም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ታጠቡ፤ ከዚያም አሸተቱ። ጣታቸው መሐል አረንጓዴ ክር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ቀርቶ ነበር። ወዲያው ቆንጅት «ዓሣዎቹ! ዓሣዎቹ!» ብላ ጮኸች። ከሣጥኑ ውስጥ ውኃው አልቆ ቀያዮቹ ዓሣዎች ጠጠሩ ላይ ይንፈራገጡ ነበር።

ዓሣዎቹ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሲታፈሱ አቶ ደመላሽ ደረጃውን እያንኳኩ ወረዱ።

«በርሜሉን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእንግዳ ፊት ልታዋርጅኝ? ነገ ዕቃሽን አውጥተሽ ትሄጃለሽ!»

«ዕቃዬማ ወጥቷል። ይኸው፣ ተንሳፍፎ በሩ ላይ ደርሷል፤» አለች አትጠገብ። «ለምኜ ነበር፤ አልሰሙኝም። ጣሪያ ብመታ በተረከዝ ተመለሰልኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ?»

አቶ ተክለማርያም ከኋላ ወርደው ነበር። ወደ ክፍሏ አንገታቸውን አስግገው የተደረደሩትን ሳፋዎች፣ የበሰበሰውን ፍራሽና ውኃ የሚያንጠባጥበውን የስፌት መኪና አዩ። «ደመላሽ፣ ይኼ ሁሉ ከአንተ ነው የሚወርደው?» አሉ። አቶ ደመላሽ ሾፌሩን ጠርተው ከጪጩ የቧንቧ ሠራተኛቸውን ከፈለኝን እንዲያመጣ ላኩት።

ምሳው ሳይነሣ ከፈለኝ ደረሰ። ትርፉን ውኃ የሚያወጣው ቀጭን ቧንቧ በሻጋታና በዓሣ ምግብ ታፍኖ አገኘው፤ ለዚህ ነው ሣጥኑ አፉ ድረስ እየሞላ በጀርባው በኩል ወለሉ ላይ የሚፈሰው። እርሱን አውጥቶ አፉ ላይ እድፍ የሚያጠልል የተበሳሳ ቆርቆሮ ያለው ወፍራም ቧንቧ ተካ። አንድ የሚያፈስ መገጣጠሚያም አግኝቶ ፈታውና ውኃ እንዳያሳልፍ ቃጫ ጠመጠመበት፤ ቀለም ቀብቶ አጠበቀው። ውኃ የሚያስገባውን ቧንቧ ደግሞ ከውኃው በላይ በኩል በሳው፤ አየር ስለሚስብ ከእንግዲህ ወደ ኋላ አይጎትትም አለ። ሥራው በአንድ ከሰዓት አለቀ።

አትጠገብን ያነደዳትም ይኸው ነበር። በአንድ ከሰዓት! እርሷ ስንት ቀን ሙሉ ሳፋ ስትገለብጥ ሰንብታ፣ አንድ ሰውዬ እጁን አንዴ ቢያሸት መኪና ተላከ፣ ቧንቧ ተገዛ፣ መፍቻ መጣ። «ትሄጃለሽ» ያሏትን ማንም አላነሣውም፤ እርሷም አልሄደችም። የይርጉ ልጅ በነጭ ቀሚሷ ተዳረች።

ከሠርጉ በኋላ አቶ ደመላሽ የጣሪያውን እድፍ የሚቀባ ቀለም ቀቢ ላኩ። አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። «መጀመሪያ ጌታህ መጥተው ይዩት፤» አለች።

ሰንብተው መጡ። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። ቀና ብለው የጠቆረውን ሳንቃ ከዳር እስከ ዳር ሲያዩት ቆዩ።

«ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም፤» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር።»

አቶ ደመላሽ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡት። «ነግረሽኝ ነበር፤» አሉ ቀስ ብለው።

አትጠገብ ከበሩ ገለል አለችና ቀለም ቀቢውን አስገባችው።