የጤና አዳም ጠበቃ

ወይዘሮ ተብለጽና ምራታቸው ሊዋም የተጣሉት በጤና አዳም ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ጠቡ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ነበረ። ጤና አዳሙ የመጣው ለሚነድ ምድጃ እንጨት ሆኖ ነው።

ቤታቸው ሮማ ከተማ፣ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማር የሚልባት ጠባብ ቤት። ልጃቸው ምሩጽ አውቶቡስ ያጥባል። ሚስቱ ሊዋም ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሦስት ዓመት የሞላት ልጃቸው አርሴማ ግን የአያቷ ናት። ወይዘሮ ተብለጽ የሰው አገር አሮጊት ሲያገላብጡ፣ የሰው ልጅ ሲያስተኙ አርጅተው፣ በመጨረሻ የገዛ ሥጋቸውን አቅፈው የመዋል ወግ ደርሷቸዋል። ከዚያች ልጅ በቀር ሥራ የላቸውም፤ ሌላም አይፈልጉም። ፊደል አልቆጠሩም፣ አያፍሩበትምም። «ፊደል የቆጠሩት እኔ የጠረግኩትን ሲያቆሽሹ ነው የኖሩት» ይላሉ።

ሐምሌ ነበር። የሮማ ቢንቢ ሳትጋበዝ ገብታ አርሴማን ጀርባዋን ስትበላት አደረች። ጠዋት ልጅቱ ስታክና ስታለቅስ፣ ወይዘሮ ተብለጽ በረንዳው ላይ ጣሳ ውስጥ ካበቀሉት ጤና አዳም ጭብጥ ሙሉ ቀነጠሱ፤ በመዳፋቸው አሹት፤ አረንጓዴው ጭማቂ ሲወጣ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረጉላት፣ ትከሻዋንም በዚያው እርጥብ እጃቸው ያዝ አደረጓት። ከዚያ ትከሻ በማይሸፍን ካኖቲዬራ ብቻ መናፈሻ ወሰዷት። ፀሐዩ አናት እስኪበሳ ስትሮጥ ዋለች። ማታም ጸጥ ብላ ተኛች። «ይኸው፣ ያለ ፋርማቺያ» አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ጀርባዋ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ሊዋም ልታጥባት ልብሷን ስታወልቅላት የጮኸችው ጩኸት ምድር ቤት ተሰማ። ልጅቱ ትከሻ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ተነፍቷል፤ አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ። የሰው እጅ በማኅተም የተመታ ይመስላል።

«ይኼ የማን እጅ ነው?» አለች ሊዋም።

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«ከርስዎ ሌላ ቤት የሚውል ማን አለ?»

«እኔ አቃጠልኳት ማለትሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። እጁ ነው የሚናገረው።»

ወይዘሮ ተብለጽ ነገሩን ንቀው፣ ቅቤ ሊቀቧት ማንኪያ ይዘው ተጠጉ። ሊዋም እጃቸውን መታ አድርጋ ማንኪያውን አስጣለቻቸው። አማት በሕይወቷ ይህን ካየች ሌላ ምን ቀራት!

ሐኪም ቤት ያገኟት ዶቶሬሳ ወጣት ናት፤ ፊቷ አይስቅም። ቁስሉን አየች፣ የሊዋምን እጅ አየች፣ የአሮጊቷን እጅ አየች። «ሙቅ ነገር ነክቷታል?» አልነካትም። «የሚጎዳ ቅጠል፣ የበለስ ወተት፣ የሎሚ ውኃ?» ወይዘሮ ተብለጽ ወጥ ቤት የተማሩት ጣሊያንኛ አላቸው፤ ጥያቄው ገብቷቸዋል።

«የሚጎዳ ነገር አልነካትም» አሉ ቀድመው።

ዶቶሬሳ ጻፈች። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይደረግላት፣ ውኃ የቋጠረው እንዳይፈርጥ፣ ቅባቱ ይኸው፣ ፀሐይ ጨርሶ እንዳያያት አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰኞ ተመለሱ፤ ይህ እጅ እንዴት እንዳረፈባት ያን ጊዜም የሚነግረኝ ከሌለ አሲስቴንቴ ሶቻሌ ጋር መደወል ግዴታዬ ነው አለች። አሲስቴንቴ ሶቻሌ ማለት ምን እንደሆነ ሮማ ውስጥ የማያውቅ እናት የለም። ልጅ ከቤት የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

ቤት ሲደርሱ ሊዋም የቆሸሸ ልብስ ስትለይ ካኖቲዬራው እጇ ገባ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ጤና አዳም ቀብተዋታል!»

«ብቀባትስ?»

«ዶቶሬሳዋ ስትጠይቅ ለምን አልተናገሩም?»

«የሚጎዳ ቅጠል ብላ ጠየቀች። የሚጎዳ አልነካትም አልኩ። ጤና አዳም መድኃኒት ነው፣ አንቺ ልጅ! አያቴም እናቴም በሱ ነው ያደጉት።»

«ቅጠሉ ነው ያቃጠላት።»

«እኔን እሳት በይኝ፣ ለምጄዋለሁ። የጤና አዳምን ስም ግን አታጥፊ!»

ሊዋም ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ምን ትላለህ?»

ምሩጽ ጫማውን እየፈታ ነበር። አንዱን ክር ፈትቶ፣ መልሶ አስሮ፣ እንደገና ፈታው። «እኔ እንጃ» አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን እዚያው ወይዘሮ ተብለጽ ዓይን ፊት ነቀዘ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ተብለጽ ጤና አዳም ቀንጥሰው አሹና ሁለቱን ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ቀቡ። በረንዳው ላይ ወንበር አወጡ። ግራ እጃቸው መቁጠሪያ ይዞ ነጠላቸው ሥር ገባ፤ ቀኙን የበረንዳው ብረት ላይ ዘርግተው ፀሐይ አስመቱት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሊዋም ከውስጥ።

«ጥብቅና ቆሜያለሁ። ሰኞ ክንዴን አይተሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።»

«ማንን?»

«ጤና አዳምን!»

«እብድ ቤት ገባሁ» አለች ሊዋም፣ በሩንም ወረወረችው።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆመው ቀኝ ክንዳቸው ጋለ። ማታ ቀላ። ሌሊቱን ትራስ እየነከሱ አደሩ። ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ዘግተው እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ፣ ቀኙ እንደ ልጅቱ ትከሻ ውኃ ቋጥሮ ተነፍቷል። ግራው ንጹሕ ነው።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አገር ቤት ጤና አዳም ይሸተታል፣ ቡና ውስጥ ይነከራል፤ ልጅ ገላ ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ግን ማንን አዩ? ማንንም። ይህን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ያስተማራቸውም የለም። ክንዳቸውን ቢያሳዩ በእሳት አቃጠለች ከመባል ነፃ ይወጣሉ፤ ግን ልጅቱን የጎዳት እጅ የሳቸው ነው፣ ሊዋምም ልክ ናት። ከሁለቱ የቱ እንደሚመር መለየት አቃታቸው። ረጅም እጅጌ ያለው ቀሚስ ለበሱ፤ ወጡ።

ሐኪም ቤት ዶቶሬሳ በቀጥታ ወደ ሊዋም ዞረች። ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ? ይደክምሻል? ልጅቷ ስታለቅስ ምን ታደርጊያለሽ? ሊዋም ጤና አዳም እያለች ለመናገር ሞከረች። ዶቶሬሳ ወረቀቷን አየች፤ ባለፈው የለም ብላችኋል፣ ዛሬ አለ ትላላችሁ። የሊዋም አንገት በላብ ረጠበ።

ወይዘሮ ተብለጽ አዩ፤ ጣፈጣቸውም። ያቺ ማንኪያ ያስጣለቻቸው ምራት በላብ ስትዋጥ ማየት ከማር ይጥም ነበር። ዝም ቢሉ ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ እየታየ ነው። ግን ዶቶሬሳ ስልኩን አነሳች፤ አርሴማም የሰዉን ፊት አይታ «አያቴ» ብላ እጇን ወደሳቸው ዘርግታ አለቀሰች።

ወይዘሮ ተብለጽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ ወረቀቱ ተበተነ።

«ዮ! እኔ ነኝ!» አሉ። «ማኖ ሚያ! የኔ እጅ ነው! ሩታ፣ ሶሌ፣ ቅጠሉና ፀሐዩ! እናቲቱ አልነካቻትም!» ግራውንም አወጡ። «ይኼ ጥላ ውስጥ ነበረ፤ ይኸው፣ ደህና ነው።»

ዶቶሬሳ ስልኩን አስቀመጠች። ሁለቱን ክንድ አገላብጣ አየች፣ የልጅቱን ትከሻ አየች፣ የአሮጊቷን ጣት ከምልክቱ ጋር አስተያየች። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል አለች። ሲቀነጠስ ጓንት ይደረግ፣ እጅጌ ይርዘም፤ ከነካም ፀሐይ ሳያየው ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ቁስሉ ሲድን የሚተወው ጥቁረት ወራት ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«የሚጎዳ ብለሽ ጠየቅሽኝ። መድኃኒት ብለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ዶቶሬሳ የጻፈችውን ሰርዛ ሌላ ጻፈች። ለማንም አልተደወለም።

አውቶቡስ ውስጥ አርሴማ በመካከላቸው ተኛች።

«ስልኩን እስክታነሳ ጠበቁ» አለች ሊዋም።

«ጠበቅኩ።»

«ላብ ሲያሰጥመኝ እያዩ።»

«እያየሁ። ደስም ብሎኝ ነበር።»

ሊዋም በመስኮት እያየች፣ «ያን ለት ጣትዎ ትከሻዋ ላይ ሲገኝ እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ፊትሽ አይደብቅም።»

«ካሁን በኋላ ሳይጠይቁኝ አንዲት ቅጠል፣ አንዲት ጠብታ ቅቤ…»

«እሺ አልልሽም» አሉ ወይዘሮ ተብለጽ። «ግን አላደርገውም።»

በሩን ምሩጽ ከፈተ። «እማዬ፣ እንዴት ሆነ? ክንድሽ! ምን ሆንሽ?»

ወይዘሮ ተብለጽ አልፈውት ገብተው ተቀመጡ። ለምራታቸው ነው የተናገሩት። «ባልሽን እንዲህ በይው። አንቺ ጠርጥረሽኛል፤ በፊቴ ጠረጠርሽኝ፣ ወንድ ነሽ። እሱ ግን ይህን እጅ ጎርሶ ያደገ ልጅ ነው፤ ታቃጥላለች ወይም አታቃጥልም ለማለት አንድ ቃል አጣ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ጎረቤት ነው የሚጮኸው?» አሉ።

ሊዋም ባሏን ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቦ እንዲያመጣ ላከችው። አመጣ፣ እናቱ ግን ከእጁ አልተቀበሉም። ሊዋም ነጥቃ ቀኝ ክንዳቸው ላይ ጣለችው።

«ቀስ! ያማል!»

«ይመምዎት።»

አርሴማ ነቅታ ነበር፤ እያዘገመች መጥታ ጭናቸው ላይ ወጣች። ወይዘሮ ተብለጽ እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ሳይነኳት ምራታቸውን ጠበቁ። ሊዋም ቆማ አየቻቸው።

«በግራዎ ይያዟት» አለች፣ ወጥ ልታሞቅም ሄደች።