ሦስተኛው ግድብ

አሣሄል ኪምፕተን ስሙ ከመድረኩ ሲጠራ ሌላ አሣሄል ያለ መስሎት ዘወር ብሎ አየ። ሌላ አልነበረም። በጨው ሐይቅ ከተማ በሚደረገው የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ልማዱ ይኸው ነው፤ ቀድሞ የሚያማክር የለም። ሠላሳ ቤተሰብ እየመራ ወደ ደቡቡ በረሃ ወርዶ መንደር እንዲመሠርት፣ ጳጳስም እንዲሆናቸው ተመረጠ።

ጳጳስ ይባል እንጂ ካባ የለው፣ አክሊል የለው፤ በርሜል ሠሪ ነው። በወጣትነቱ ኦሃዮ ላይ የወንዙ በረዶ ተሰብሮለት ተጠመቀ። ሚዙሪ ላይ ሃይማኖቱን የጠሉ ሰዎች ቤቱን አቃጠሉበት። ኢሊኖይ ላይ የሠራውን ሌላ ቤት ጥሎ ተሰደደ፤ በመንገድም ሴት ልጁን ቀበረ። አሁን ገና ተደላድሎ መቀመጡ ነበር።

ሚስቱ ቲርሳ ቤት እንደደረሱ የልብስ ሣጥኑን ከፈተች።

"ደቡቡ ይሞቃል አይደል የሚሉት?" አለችው።

"በጣም ይሞቃል።"

"እንግዲያው ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለእህቴ እተውላታለሁ።"

በዚሁ ተስማሙ።

በረሃው ቀይ ገደልና አሸዋ ነው። መሐል ለመሐል ደፍራሽ ወንዝ ያልፋል፤ ግን ካልተገደበ እርሻው ላይ አይወጣም። የመጀመሪያውን ግድብ የጸደይ ጎርፍ ወሰደው። ሁለተኛው ስንዴው እስኪያዘረዝር ቆየና አንድ ከሰዓት በኋላ በጣለ ዶፍ ተጠራርጎ ሄደ። ስንዴው እያዩት ደረቀ።

"ወንድም አሣሄል፣" አለው ከዌልስ የመጣው ግዊሊም ፕሮበርት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "አንተ በርሜል ሠሪ አይደለህም እንዴ? ውሃ የሚይዝ ነገር መሥራት እንዴት አቃተህ?"



እሑድ ለጸሎት በወንዙ ዳር ዛፎች ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ግማሾቹ ጋሪያቸውን ጭነው ነበር፤ ግዊሊምም ጭኗል። አሣሄል ስለ ሙሴ ሊሰብክ ተዘጋጅቶ ተነሣ። የሰዉን ፊት ሲያይ ግን ስብከቱን ተወው።

"እውነቱን ልንገራችሁ፣" አለ። "ዛሬ ጠዋት እኔም በሬዎቼን ልጠምድ ቀንበር አንሥቼ ነበር። እስከ ዛሬ ያባረረኝ ሰው ነው። ውሃ ሲያባርረኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ግራ ገባኝ።"

ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ።

"መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ ለመንገዱ ዱቄት ከእኔ ቤት ይውሰድ። የሄደውን የሚያማ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። እኔ ግን ነገ ድንጋይ እሸከማለሁ።"

"ብቻህን?" አለ ግዊሊም።

"ከቲርሳ ጋር።"

"የእኔን ወገብ ማን ጠየቀው?" አለች ቲርሳ። አሁን ሁሉም ሳቀ።

ግዊሊም ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣ። "ጋሪዬን ላራግፍ ነው። ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ! ብቻህን ሠርተህ ቢቆምልህ ዕድሜ ልክህን ስትኩራራ መስማት ስለማልችል ነው።"

ዘጠኝ ቤተሰብ ሄደ። የቀሩት ገደሉ የሚጠብበት ቦታ ድረስ ወንዙን ተከትለው ወደ ላይ ወጥተው፣ ግንዶችን እንደ ሣጥን እየገጣጠሙ፣ ውስጡን በድንጋይ እየሞሉ የብርዱን ወራት ሙሉ ሠሩ። አሣሄል ጣቱ ተቀጠቀጠ፤ ግዊሊም እየተሳደበ አሰረለት።

የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ጎርፉ መጣ። መንደርተኛው ገደሉ ላይ ቆሞ ያያል። ውሃው በግድቡ አናት ላይ ዘለለ፤ ግንዱ ሲንቋቋ ቲርሳ የባሏን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። አንድ ሣጥን ተንሸራተተ። የቀሩት ጸኑ። በሦስተኛው ቀን ጎርፉ ሲጎድል ግድቡ እዚያው ነበር፤ ውሃውም በቦዩ ወደ እርሻው ይወርዳል። አሣሄል ሊጸልይ ተንበርክኮ አለቀሰ።

በመከር ከሄዱት ቤተሰቦች ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

"እነዚህን ድንጋይ ሲሸከሙ አላየኋቸውም፣" አለ ግዊሊም ጮክ ብሎ።

"ቦዩ በየዓመቱ ይጠረጋል፤ ተራው ይደርሳቸዋል፣" አለ አሣሄልና ራሱ በሬዎቻቸውን ፈታ። ከዚያም ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ የደረሰውን የቀድሞ መሬታቸውን ሊያሳያቸው ይዟቸው ሄደ።