ዝምተኛው መቀስ

ፀጉር አስተካካዩ አዲሱን መቀስ የገዛ ቀን ደስታው ልክ አልነበረውም። አሮጌው ዶልዱሞ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ መንጨት ጀምሮ ነበር፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ደግሞ ሦስተኛው ሰፈር የተኛ ድመት ይባንናል። አዲሱ ግን እንደ ጥላ ነው፤ መሄዱም አይሰማም።

መጀመሪያ የመጣው ወፍራሙ ሾፌር ነበር። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ቆይቶ፣

«ጀምር እንጂ!» አለ።

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር አሳየው።

«እሱማ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ፀጉር ነው።»

«ኧረ የመጀመሪያዬ አንተ ነህ! መስታወቱን እየው።»

«መስታወት እንደሆነ ሁሌም ያሳምረኛል። ጆሮዬ ሥር ግን ምንም አልሰማሁም» ብሎ በቀጥታ ወደ ማዶኛው ፀጉር ቤት ተሻገረ። ማዶኛው ፀጉር ሲቆርጥ ጆሮም ይመርቅበታል ይባላል፤ መቀሱ ግን ይጮሃል።

ሌላው ደንበኛም ሾፌሩን ተከትሎ ተሻገረ። ሳምንት ሳይሞላ ወንበሩ ጦሙን አደረ፤ ዝንብ እንኳ ገብታ ወሬ ስታጣ ትወጣ ጀመር። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጥታ ጉዱን ስትሰማ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀችና አሮጌውን መቀስ ከመሳቢያ መዘዘች።

«አንተ ባዲሱ ፀጉር ቁረጥ፤ እኔ ባሮጌው አየር እቆርጣለሁ።»

«አብደሻል እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ማበድማ ባዶ ወንበር መጠበቅ ነው!»

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ብቅ ሲል ጆሮው ሥር ቆማ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ፣ ሰውዬው ለሀጩ እስኪዝረበረብ እንቅልፍ ጣለው። ወሬው ተዛመተ፤ ወረፋው በሩን አልፎ መንገዱ ጥግ ዞረ። አንድ መላጣ ሳይቀር መጥቶ፣ «ለኔ ድምፁን ብቻ» ብሎ ተቀምጦ፣ ሲነሳ «እፎይ፣ ቀለለኝ!» እያለ ራሱን ዳብሶ ሄዷል።

ከሰዓት በኋላ ማዶኛው ራሱ ተሻግሮ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ደረቱን ነፋ።

«አንተም ልትቆረጥ መጣህ?»

«ኧረ እኔስ እትዬን ልቀጥር ነው።»

እየተቆረጠ ያለው ደንበኛ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሚስት መቀሷን አውርዳ፣ ቆማ የዋለችበትን እግሯን እያሻሸች፣

«አንተ ቤት መቀመጫ አለ?» አለች።

ባል መልሱን አልጠበቀም። ደንበኛውን ግማሽ ራሱ እንደተቆረጠ ብብቱ ሥር ይዞ ከወንበሩ አነሳና፣ «አረፍ በይ፣ የኔ እመቤት!» አላት።

ደንበኛው የቀረውን ቆሞ ተቆረጠ።