ሽጉጧን ራሷ መረጠች

ልብስ ሰፊዋ ሌባውን በዓይኗ አላየችውም። ከገበያ ስትመለስ የጓሮው በር መቀርቀሪያ ተገንጥሏል፤ የደንበኛ ነጭ ጨርቅም ከነጥቅሉ የለም። አማቷ ግን ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ጆሯቸው ስለከበደ ሌባው እየዘፈነ ቢገባም አይሰሙትም። ጨርቅስ ይተካል፤ ልቧን ቀጥ ያደረገው የአሮጊቷ ነገር ነበር።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወሬውን በስልክ ሰምቶ እየከነፈ መጣና ከበር እስከ በር እየተንጎራደደ፣ «እኔ እያለሁ ቢመጣ ኖሮ!» ሲል ደነፋ። ጩኸቱ ከእናቱም ጆሮ ደርሶ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አሮጊቷ፣ የገዛ ልጃቸው መሆኑ ሳይከለክላቸው።

«ጠመንጃ እገዛለሁ! ረጅም፣ ሲያዩት ብቻ የሚያስበረግግ!»

«አንተ ውሎህም አዳርህም መንገድ ላይ» አለችው ሚስቱ። «የምይዘው እኔ ነኝ፤ የምመርጠውም እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ መንጎራደዱን ተወ። ሚስቱ ቁርጥ ያለ ነገር ስትናገር ድምጿን እንደማታነሳ ያውቃል።

ከፖሊስ ፈቃድ አውጥታ ባሏን አስከትላ ወደ መሣሪያ መሸጫው ሄደች። ሻጩ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሹፌሩ ገና ከመግባቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ረጅም ጠመንጃ በጣቱ ጠቆመ። ሻጩ ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቤትሽ አጫውቺኝ። ግድግዳው ምንድን ነው? ከወዲያውስ ማን ይተኛል?»

«ጣውላ ነው። አማቴ ይተኛሉ።»

«እንግዲያው እውነቱን እወቂ። ጣውላ ጥይት አያቆምም፤ የጠመንጃም ሆነ የሽጉጥ። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የምትቆሚበትን ቦታ ምረጪ። አማትሽ ከኋላሽ እንጂ ከፊትሽ መሆን የለባቸውም።»

ይህ አነጋገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። ጠመንጃውን ተቀብላ ወደ ትከሻዋ አስጠጋችውና የቤቷን ጠባብ መተላለፊያ በዓይነ ኅሊናዋ ለካች። «አፈሙዙ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚታጠፈው» አለች። «ጥግ ላይ የቆመ ሰው ቀልቦ ይቀማኛል።»

«በይ እንግዲህ ይቺን ያዢ» አለ ባሏ፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ ሽጉጥ እያሳየ። «ለሴት እጅ የተሠራች ነው የምትመስለው።»

ሻጩ ፈገግ አለና ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መለማመጃ ወሰዳቸው። ትንሿን ለማቀባበል ጣቶቿ የሚይዙት አጡ፤ ስትተኩስም ሽጉጧ እንደ ተጠመደ ዓሣ እጇ ላይ ተፈራገጠች። ጥይቱ ዒላማውን ስቶ የት እንደገባ ፈጣሪ ይወቅ። ባሏ፣ «ወይ ለሴት እጅ!» እያለ በራሱ ሳቀ።

ቀጥሎ ሻጩ መካከለኛ ሽጉጥ ሰጣት። ከበድ ትላለች፤ እጀታዋ መዳፏን ሞልቶ ቁጭ አለ። ያለ ትግል አቀባበለቻት። ተነፈሰች፣ ቃታውን ቀስ አድርጋ ሳበች፤ የሽጉጧ ክብደት ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል ዋጠላት። የዒላማው ወረቀት መሀሉ ላይ ተበሳ። ደገመች፤ እዚያው አጠገብ።

«ይቺው ናት።»

«ሌላም አለ፣ ሞክሪ እንጂ።»

«የሚስማማኝን ካገኘሁ ምን ያንከራትተኛል?»

ቤት ሲገቡ ባሏ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሳጥን ግድግዳ ላይ አሰረላት። ያሰረው በአማቷ ክፍል ነው፤ ክፉ ቀን ከመጣ እዚያ ገብታ በሩን ቆልፋ፣ አሮጊቷን ከኋላዋ አድርጋ ልትቆም ነው። አማቷ ነገሩ ሲገለጽላቸው፣ «እኔስ ምን እሠራለሁ?» አሉ።

«እርስዎ ፖሊስ ይጠራሉ።»

«መልሱን ካልሰማሁትስ?»

«እማማ፣ እነሱ እርስዎን ይስሙ እንጂ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ ቀኑ ዝናባማ ነበር። ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ የቤቱ ቆርቆሮ ከበሮ ሆኗል። የስፌት መኪናዋን አቁማ ክር ስትበጥስ ከጓሮ በኩል እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማች። መቀሷን አስቀመጠች፣ ወደ አማቷ ክፍል ገባች፣ ቆለፈች። ስልኩን ለአሮጊቷ ሰጥታ ሳጥኑን ከፈተች። በየቅዳሜው ሻጩ ዘንድ ሄዳ ስታለማምደው የከረመችው እጇ ሥራውን ያውቃል። አፈሙዙን ወደ በሩ፣ ጣቷን ከቃታው ውጭ አድርጋ ቆመች።

አማቷ ከኋላዋ ስልኩ ላይ አምባረቁበት። «ሌባ ገብቷል! የምትለውን አልሰማም፤ አንተ ግን ስማኝ!» ብለው የቤታቸውን አድራሻ ከነምልክቱ ዘረዘሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

የበሩ እጀታ ተነቃነቀ።

«መሣሪያ ይዣለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፁ የራሷ እስከማይመስላት ረግቶ ወጣ። «ይህን በር ከከፈትክ እተኩሳለሁ። በመጣህበት ተመለስ።»

እጀታው ጸጥ አለ። ከዚያ የሆነ ነገር ተንኳኳ፣ ወንበር ተገለበጠ፤ ሰውየው እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። ፖሊሶች መንገዱ ጫፍ ላይ የእሷን ካውያ በብብቱ እንደያዘ አገኙት። እስኪመጡ ድረስ በሩን አልከፈተችም፤ ሲመጡም ሽጉጧን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ነው የወጣችው።

ባሏ ማግስቱን ደረሰ። አቅፏት ቆየና፣ «ለምን አልተኮስሽበትም?» አላት።

«በሩን ከፍቶ ቢሆን እተኩስ ነበር። አልከፈተም።»

«ቅዳሜ መለማመጃው ስትሄጂ እኔም ልምጣ» አለ።

«ና። ዛሬ ግን የጓሮውን በር በብረት አሠራልኝ» አለችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። የደንበኛዋ ቀሚስ ጠርዙ ገና አልታጠፈም ነበር።