ሄዋን የሳቀችበት ሰው

ሄዋን ሶቪየት ኅብረት፣ ካርኮቭ ከተማ ስትማር አንድ ወፍራም የሩሲያ ልብወለድ አንብባ አልቅሳ ነበር። ባለታሪኩ ክፋት የማያውቅ፣ ሰው ሁሉ የሚስቅበት የዋህ ነው። መምህሯ «እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ክፍሉን ሲጠይቁ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች።

«ከጎኑ እቆማለሁ» አለች።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1996፣ እንዲህ ያለው ሰው እሷ ወደምትኖርበት ሲያትል መጣ። እሴይ ይባላል። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሲሆን፣ የእህቷ ባል ዘካሪያስ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት አከራየው። ዘካሪያስ ደግሞ ቀልድ አይጠግብም። «እዚህ አገር ከባስ ስትወርድ ሾፌሩን ጨብጠህ ቤተሰቡን ካልጠየቅክ ነውር ነው» ቢለው እሴይ አመነ። ብዙም ሳይቆይ የመስመሩ ሾፌሮች በስሙ ይጠሩት ጀመር። ዘካሪያስ ውሸቱን መሆኑን ሲነግረው፣ «ቢሆንም ጥሩ ምክር ነው» አለና ሰላምታውን ቀጠለ።

ሄዋን ወደደችው። እሁድ ከቸርች መልስ ባሕሩ ዳር አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ከልቡ ያዳምጣል። ሰው ባለበት ግን «የሞኙ እጮኛ» እንዳትባል ፈርታ ራቅ ብላ ትቀመጣለች።

የእህቷን የአዳነችን ልደት ለማክበር ኖርዝጌት አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ እሴይ በልኩ ያልሆነ ሰፊ ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ ገባ። ቀጥ ብሎ መጥቶ ሄዋን ፊት ቆመ።

«ዘካሪያስ ነገረኝ፤ ላግባሽ ካለኝ እሺ እለዋለሁ ብለሻል አሉ። እኔማ መጠየቁን ፈርቼ እንጂ...»

አላስጨረሱትም። ዘካሪያስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሁሉም ሄዋንን ያዩዋታል። ፊቷ ጋለ። ሳቀች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ ሳቀች።

«ቀልድ ነው እንዴ?» አለ እሴይ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። አበባውን የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው።

በማግስቱ ቤዝመንቱ ወረደች። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እያስገባ ነበር፤ አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል።

«ትናንት በድዬሃለሁ።»

«ሰው ሲስቅ መሳቅ ያለ ነው።» ሸሚዙን አስቀመጠ። «ሄዋንዬ፣ ቀልድ ባይሆን፣ እኔው ራሴ ብጠይቅሽ፣ እሺ ትይኝ ነበር?»

እሺታው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ይሄኔ ደረጃው ላይ የዘካሪያስ ኮቴ ተሰማ።

«ኧረ ተው፣ ዛሬም ቀልድ?» አለች።

«ኦኬ» አለ እሴይ፤ ሸሚዙን መልሶ አነሳው።

በ1999 ሊንውድ ገበያ ስትወጣ አንድ ሰው ከሩቅ ስሟን ጠራ። እሴይ ነው። ሮጦ መጥቶ አቀፋት። አብራው ያለችው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናት፤ ባየሽ ትባላለች።

«ሄዋን ናት!» አላት።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ? ሁልጊዜ ደግነትሽን ነው የሚያወራልኝ» አለች ባየሽ፤ ጉንጯን ሳመቻት።

ሄዋን የሴትየዋን ዓይን መረመረች። ሽሙጥ የለበትም። ስለዚያ ምሽት አንዲት ቃል አልነገራትም ማለት ነው። ቢወቅሳት ይቀላት ነበር።

«ሶ፣ አንቺስ አገባሽ?» አላት እሴይ።

«ገና ነኝ።»

«የሚያገባሽ ሰው የታደለ ነው» አለ፤ ከልቡ።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። እነሱ በፊቷ ሲያልፉ ባየሽ የሆነ ነገር አለችውና እሴይ ሳቀ፤ ክንዷን ይዞ ዝናብ ያቆረውን ውኃ አሻገራት።