የግራጫው ሳጥን በር

ሰው ስሜን ረስቶታል። ቢሮ ለቢሮ ስዞር ዕድሜዬ አልቆ፣ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው «ማኅተም መጣ» ነው የሚሉኝ። አልቀየምም። ሌላው በዕድሜው ሀብት ያፈራል፣ እኔ ያፈራሁት ፊርማ ነው። ሥራዬ ጉዳይ ማስፈጸም ነው፤ ትልልቅ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ከከተማው ፈቃድ እንዲያገኙ በእነሱ ፈንታ ደጅ እጠናለሁ።

ደጅ መጥናት ቀላል የሚመስለው ካለ ይሞክረው። እሳት አደጋ ትሄዳለህ፣ «መጀመሪያ የመንገዶችን ስምምነት አምጣ» ይሉሃል። መንገዶች ዘንድ ስትሄድ «ውኃና ፍሳሽ ሳይፈርም እኛ ምን ጥልቅ አደረገን?» ይላሉ። ውኃና ፍሳሽ ደግሞ «እሳት አደጋ ካልፈቀደ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ በምን እናውቃለን?» ብሎ መልሶ ወደ ጀመርክበት ይልክሃል። እንዴት ጥሼ እንደምገባ አትጠይቁኝ። ጉቦ ግን አይደለም፣ በእናቴ! የአንዷን ልጅ ምርቃት ሰምቼ «እንኳን ደስ ያለሽ» እላለሁ፣ የሌላውን የወገብ ሕመም እጠይቃለሁ፣ ተቆጥተው ሲያባርሩኝ በማግሥቱ ዐይኔን በጨው አጥቤ እመጣለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? በመጨረሻ ሰልችቷቸው ይፈርማሉ።

ያን ጊዜ የያዝኩት ጉዳይ የአማቼ ነበር፣ የእህቴ ባል። ዋናው መንገድ ዳር፣ ዘመን ሙሉ ባዶውን በኖረ ሜዳ ላይ መኖሪያ ቤቶች ሊሠራ ነው፤ ከሥር ሱቆችና የሕፃናት ማቆያ ያለው፣ ከምድር በታች መኪና የሚያቆም ትልቅ ሕንፃ። አማቼ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይቸኩላል እንጂ። ለዚህ ነገር ያለ የሌለውን አፍስሷል፣ እህቴም እንቅልፍ አጥታለች። እኔም እግሬ እስኪቀጥን ዞሬ ሁሉንም አስፈርሜያለሁ። የቀረን ንድፉን ለሕዝብ ማሳየትና የፕላን ኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ ብቻ ነበር። ጨረስን፣ ደረስን ስንል ነው እንግዲህ ልጅቷ የመጣችው።

የሕንፃውን ሞዴል ፕላን መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። ከካርቶንና ከስስ እንጨት ነው የተሠራው፤ ዛፎቹ ከስፖንጅ፣ ሰዎቹ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ። የሠራችው የአማቼ አርክቴክት ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ ግን አንድ ሰው ሞዴሉን በጣቱ ሲነካባት ደሟ ይፈላል። ሕጉ ማንም ነዋሪ መጥቶ ይይ፣ ቅር ያለው ይናገር ይላል። ማን ይመጣል? ጡረተኛ ይመጣል፣ ዝናብ የያዘው ይመጣል። አይተው፣ «አቤት ሲያምር!» ብለው፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሄዳሉ።

አንዲት ወጣት በዊልቸር መጣች። የሚገፋት ሰው የለም፣ ጎማውን በገዛ እጇ ነው የምታሽከረክረው። በሩ ላይ ከፍ ያለ ደፍ አለና ላግዛት ብዬ ስሮጥ፣ «ተወው ጋሼ፣ እኔና ደፍ የቆየ ትውውቅ አለን» ብላኝ የፊት ጎማዎቿን ብድግ አድርጋ አለፈችው። እዚያው ወደድኳት።

ጠረጴዛውን አንዴ ዞረችው። ከአዲሱ ሕንፃ ጀርባ ከተደረደሩት ግራጫ ሳጥኖች አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ የኛ ቤት ነው?»

አርክቴክቷ ጎንበስ ብላ አየች። «አዎ፣ እሱ ነው። በደንብ አወቅሽው።»

«ታዲያ በሩ የታለ?»

ሣቅን። ልጅቷም አብራን ሣቀች። አርክቴክቷ በትዕግሥት አስረዳቻት፤ የሙያው ወግ ነው፣ የጎረቤት ቤት በርና መስኮት አይወጣለትም፣ ሰው ዐይኑን አዲሱ ሕንፃ ላይ እንዲጥል ተብሎ ሳጥን ብቻ ይደረጋል። ንድፉ ላይም እንደዚያው ነው፣ ጎረቤት ማለት ባዶ አራት ማዕዘን ነው። እኔም ስንት ዓመት ስንቱን ንድፍ ተሸክሜ ስዞር፣ እነዚያ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ገባኝ» አለች ልጅቷ። «እኔ ግን በር አለኝ። የምወጣው እዚህ ጋ ነው።» ጣቷን ከሳጥኑ ጀርባ አንሥታ ወደ ሕንፃው ገፋ አደረገችው። ጣቷ ያረፈው መኪኖች ወደ ምድር ቤቱ የሚወርዱበትን መንገድ በሚከልለው ግንብ ላይ ነው። አርክቴክቷ ሞዴሉ ሲነካባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ፊቷ ልውጥውጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። የፊት ለፊቱ በር የሚወጣው ወደ ታችኛው መንደር በሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ለጤነኛም ጉልበት የሚፈታ። የጓሮው በር ግን ከሜዳው ጋር እኩል ነው። ሜዳው ባዶ ስለሆነ ልጅቷ ጠዋት በጓሮ ትወጣለች፣ ሜዳውን ታቋርጣለች፣ ዋናው መንገድ ላይ ትደርሳለች፣ ተሻግራም ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ታነሣለች። ግንቡ ከቆመ ይህ ሁሉ ቀረ ማለት ነው፤ ከቤት የምትወጣው ሰው ሲሸከማት ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? «እንዴ!» አልኩ እንጂ። «እናትሽ እኮ ተስማምተዋል! በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ‹ይሥሩ፣ እኔ ቅሬታ የለኝም› ብለው መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው እሳቸውን ተከትሎ ነው የተስማማው።»

«እናቴ?» አለች።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልጅቷ ወንበሯን አዙራ ሄደች፤ በዚያ ደፍ ላይ ስትወጣ እንኳ እኔን ዞር ብላ አላየችኝም።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። አማቼ «ሂድና አባብላቸው» ብሎ ነው የላከኝ። በፊት ለፊቱ ደረጃ ወጥቼ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር፣ ሲሚንቶ የተሸከምኩ ነበር የምመስለው። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። እናትየዋ ልብስ ያጥፋሉ። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ ወንበሩ እንዲያልፍ ብለው አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰብስበውታል፣ መሃሉ ባዶ ነው።

«እትዬ፣» አልኳቸው፣ «ያን ቀን የጓሮ በርዎ እንደሚዘጋ ሳያውቁ ነው እሺ ያሉት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ወንድሜ፣ የገዛ በሬ የት እንዳለ የማላውቅ ይመስልሃል?»

እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ማጠፋቸውን ቀጠሉ፣ እያጠፉም ነገሩኝ። ካቻምና ያ ዋናው መንገድ ላይ መኪና ወንበሯን ገጭቶ ልጅቷን ጥሏት ነበር። ክንዷ ተሰብሮ ተጠገነ፣ ወንበሩም ተጠገነ፣ እሷም ተመልሳ ወጣች። «እሷ ዳነች። እኔ ግን አልዳንኩም» አሉ። «ጠዋት ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ የመኪና ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ወደ ጓሮው በር እሮጣለሁ። ‹አትውጪ› ብላት በጄ አትልም፣ ምላሷን ታውቀዋለህ። እናንተ ግንብ እንሠራለን ስትሉ፣ በቃ፣ አምላክ ላከልኝ አልኩ። እኔ ልከለክላት ያልቻልኩትን ግንቡ ይከለክልልኛል ብዬ ነው። ይኼው፣ ማታ መጥታ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። በላች፣ ተኛች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ፀንተዋል፣ ፈቃዱ አይደናቀፍም። ደስ አላለኝም። «እግዜር ያበርታዎት» ብዬ ብቻ ወረድኩ።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን እናትና ልጅ መጡ፤ በአንድ ታክሲ መጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ አይነጋገሩም። አማቼ አዲስ ክራቫት አሥሯል። ልጅቷ ቅሬታዋን ተናገረች። ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧት። ሲያዳምጡ ቆይተው እውነቱን ነገሯት፤ በሕጉ ቤቱ የፊት ለፊት በር እስካለው ድረስ መውጫ አለው ነው የሚባለው። የጓሮውን በር ሰው ችላ ስላለው ነው የኖረው። ተቃውሞ ማቅረብም የሚችለው የቤቱ ባለቤት እንጂ እሷ አይደለችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልበል» አለች። «በፊት ለፊቱ ሰው ተሸክሞኝ መውጣት እችላለሁ። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፣ አይሰለቹም። ግን ለተሸከመኝ ሰው የት እንደምሄድ፣ መቼ እንደምመለስ መንገር አለብኝ። እናንተ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ለማን ነው የምትናገሩት?»

«ለባለቤቴ!» አለ ከኮሚቴው አንዱ፣ ሁሉም ሣቀ። እሷም ሣቀች። ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሰብሳቢዋ ወደኛ ዞሩ። «ንድፉን ስትሠሩ በዚህ በኩል የሚወጣ ሰው እንዳለ ታውቁ ነበር?»

አማቼ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አውቀዋለሁ፣ ዝም በል ማለቱ ነው። «አናውቅም ነበር፣ እመቤቴ» አልኩ። «ሳጥን ነበር የሳልነው። አሁን ግን ዐውቀናል።» አርክቴክቷ አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ ቀና ብላ መኪና መውረጃውን ወደ ሌላኛው ወገን ማዞር እንደሚቻል፣ ግን ንድፉ እንደ አዲስ መሠራት እንዳለበት ተናገረች። አማቼ እሷንም በዐይኑ በላት።

«የሚቻል መሆኑ አያስገድድም» አሉ ሰብሳቢዋ። ወደ እናትየዋ ዞረው፣ «እናቴ፣ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት። በስብሰባው ላይ ተስማምተዋል። እንደዚያው ይቆያል?»

ልጅቷ እናቷን አላየቻትም። መስኮቱን ነው የምታየው፣ አልለመነቻትም። እናትየዋ የተቀመጡበትን ወንበር መደገፊያ ይዘው ቆሙ።

«ያን ቀን የተስማማሁት ፈርቼ ነው» አሉ። «ዛሬም ፈርቻለሁ። እንደፈራሁ ነው የምሞተውም። ግን በሯ አይዘጋባት። ተቃውሞ አላት ብላችሁ ጻፉልኝ።» ሰብሳቢዋ በቀስታ፣ «ተቃውሞ አለኝ ነው የሚባለው እናቴ» ሲሏቸው፣ «እሺ፣ አለኝ» ብለው ቁጭ አሉ።

ፈቃዱ ተመለሰብን። ከሕንፃው ጎን ለዊልቸር የሚሆን መተላለፊያ ይተው፣ መኪና መውረጃው ይዙር፣ መውረጃው ከዞረ ደግሞ እሳት አደጋም፣ መንገዶችም፣ ውኃና ፍሳሽም እንደ አዲስ ይፈርሙ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ አማቼ ክራቫቱን መንጭቆ ፈታው።

«አንተ ማኅተም፣ ከማን ጋር ነህ? እህትህን ምን ብዬ ልንገራት?»

«ከአንተ ጋር ነኝ» አልኩት። «ነገ በጠዋት እሳት አደጋ ደጅ የምቆመው ማን ሆነና? እህቴን ለኔ ተዋት፣ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ግንቡን ካቆምክ በኋላ ያቺ ልጅ ከኋላው ብትቀር፣ በዚያ በኩል ባለፍክ ቁጥር የት ታያለህ?» አማቼ ደረጃውን እያጉረመረመ ወረደ፣ ግን ታች ሲደርስ አርክቴክቷን ጠርቶ መውረጃው በየት በኩል እንደሚዞር ሲጠይቃት ሰማሁት።

ወደ ውጭ ስወጣ እናትና ልጅ መንገዱ ዳር ናቸው። ሰዓቱ ሠራተኛ የሚወጣበት ነው፣ መኪናው መንገዱን ሞልቶታል። ታክሲው የሚቆመው በማዶ ነው። እናትየዋ የዊልቸሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ» አለች ልጅቷ፣ ሳትቆጣ። «በማዶ እጠብቅሻለሁ።»

እናትየዋ እጃቸውን አንድ በአንድ አላቀቁ። መብራቱ ሲቀየር ልጅቷ ከጠርዙ ወርዳ መንገዱን ጀመረች። አንድ መኪና ጥሩምባውን አምባረቀ፤ እናትየዋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣» አሉኝ ከነጠላው ሥር፣ «ተሻገረች?»

ገና መሃል ላይ ነበረች። «ተሻግራለች፣ እትዬ» አልኳቸው፣ ዐይኔን ከሷ ላይ ሳላነሣ።