የሙሜ ጭስ

ጀምበሩ ኦዴሳ ስድስት ዓመት ስለ ደመና ተምሮ አሰበ ተፈሪ ሲመለስ፣ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ወንበር ብቻ ነበር። እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ በ1975 ክረምት በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ማስተማር ጀመረ። መሰላ አጠገብ ባለ አንድ ቀበሌም፣ «በረዶ ደመና ውስጥ እንዲሁ አይረጋም፤ የሚረጋበት ብናኝ ይፈልጋል፤ አቧራ፣ አንዳንዴም ጭስ» አለ። ገበሬዎቹ አጨበጨቡለት፤ እሱም ደስ ብሎት ገባ።

በመስከረም በረዶ ወርዶ ሊያሸት የደረሰውን ማሽላ አገዳው ብቻ እስኪቀር ወቀጠው። በሳምንቱ ከሰል አክሳዩን ሙሜን ፍርድ ሸንጎ ፊት አቆሙት። የከሰል ጉድጓዱ ከማሳዎቹ በላይ ቀኑን ሙሉ ይጨስ ነበርና። ከተፈረደበት ጉድጓዱ ይደፈናል፣ እሱም ከነቤተሰቡ ከቀበሌው ይባረራል። ምስክሩ ጀምበሩ ነው።

ሊቀመንበሩ በድሪ ጠየቀ። «ጓድ ጀምበሩ፣ ጭስ በረዶ ያመጣል ብለሃል?»

«አያመጣም! እንዲረጋ ሊረዳ ይችላል ነው ያልኩት። እሱንም ቢሆን አቧራ ይበልጠዋል። የአንድ ሰው ጉድጓድማ ከቁጥር አይገባም።»

«እንግዲያው የሙሜ ጭስ በጭራሽ አልረዳም? ቁርጡን ንገረን።»

«በጭራሽ» ቢል ይበቃ ነበር። መምህሮቹ ግን ባልለካኸው አትማል እያሉ ነው ያሳደጉት።

«በጭራሽ ለማለት… አልለካሁም።»

«ይኸው! እሱ ራሱ አልካደም!» ብላ ጮኸች ማሽላዋ ያለቀባት ሞሚና።

ሙሜ ሳቀ። «ለእናትህ ለእቴነሽ ስንት ዓመት ከሰል አመጣሁ፤ ያ ሁሉ ጭስ በረዶ አላመጣም። አንተ ተምረህ ስትመጣ መጣ! የተማረ ይግደለኝ ስትሉ እኮ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

ሰዉም አብሮት ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ፈረዱበት።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ጀምበሩ «ባለሙያው አረጋግጧል» የሚል ሰማ።

«እባካችሁ ‹ምናልባት› ጨምሩበት» አለ።

ጸሐፊው ብሩ ቀና እንኳ ሳይል እንዲፈርም እስክሪብቶ ዘረጋለት። «በምናልባት ሰው ይባረራል እንዴ፣ ጓድ?»

አልፈርምም ማለት ይችል ነበር። አልፈርምም ያለ ሰው ፀረ አብዮት እንደሚባል ግን ያውቃል። ስድስት ዓመት ለእያንዳንዱ ቃል ሲጠራጠር የኖረ ሰው፣ እስክሪብቶውን ሲቀበል አንዴም አልተጠራጠረም። ፈረመ።

ሙሜ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከፊርማው ሥር አተመ። ጀምበሩ መጥረጊያ ይሁነው ብሎ መሀረቡን ዘረጋለት። ሙሜ መሀረቡን አየ፣ ጀምበሩን አየ፣ ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ወጣ።